ጸጥ ያለው ባሕር ለምን ጸጥ አለ? ልጆችን ይዞ ወደ ሜዲትራኒያን የከተማ ዳርቻ ለሚወርድ ቤተሰብ የተዘጋጀ ማብራሪያ

በአማርኛ ጣናም ባሕር ነው፣ ሜዲትራኒያንም ባሕር ነው። ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር መሆኗን የማያውቅ የለም፤ ቋንቋችን ለሁለቱም አንድ ስም ሰጥቶ ኖሯል። ችግሩ የሚጀምረው ሐይቅና ወንዝ አይቶ ያደገ ሰው ልጆቹን ይዞ ጨው ባሕር ፊት ሲቆም ነው። ሐይቅ ዳር ልጅን «ከጉልበትህ አትለፍ» ብሎ ማስጠንቀቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ጨው ባሕር ላይ ግን ጉልበት ድረስ የነበረው ውሃ በሚቀጥለው ማዕበል ደረት ይደርሳል፤ የተረገጠው አሸዋም ከእግር ሥር እየተሸረሸረ ይሄዳል።

በእስራኤል ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ከሚኖሩባቸው ከተሞች መካከል ናታንያ፣ አሽዶድና አሽቀሎን ሦስቱም የሜዲትራኒያን ዳርቻ ከተሞች ናቸው። በሐምሌና በነሐሴ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ወይም ከአገር ቤትና ከአውሮፓ ዘመድ ሲመጣ፣ በየቤቱ የሚነሣው ጥያቄ «ለልጆች የሚሆነው የትኛው ዳርቻ ነው?» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስም «ድንጋይ የተከለለበት፣ ጸጥ ያለው» ይባላል። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን አልተሟላም። ያ ጸጥታ እንዴት እንደተፈጠረ ያወቀ ወላጅ፣ በዚያው ዳርቻ ላይ ልጁን የት እንደሚያስገባና የት ፈጽሞ እንደማያስጠጋው ያውቃል።

ወሽመጥ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ወሽመጥ ባሕሩ ወደ የብስ ጎበጥ ብሎ የገባበት፣ ጎንና ጎኑ የታቀፈ የውሃ ክፍል ነው። ትልቅ ሊሆን ይችላል፤ የሐይፋ ወሽመጥ ታላላቅ መርከቦች ያድሩበታል። እዚህ የምናወራው ግን ስለ ትንንሾቹ ነው፤ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ የሚዘለቁ፣ ከኋላቸው አውቶቡስ የሚቆምባቸው፣ መጸዳጃ ቤት፣ መታጠቢያና ጥላ ያላቸው፣ አንድ ነገር ቢፈጠር ሐኪም ቤት ቅርብ የሆነባቸው። የከተማ የሚያሰኛቸውም ይኸው ነው።

አንዳንዶቹ ተፈጥሮ የሠራቸው ናቸው። በእስራኤል ዳርቻ ኩርካር የሚባል ድንጋይ አለ፤ ጥንት የአሸዋ ክምር ሆኖ ኋላ በኖራ ተጣብቆ የጠነከረ። የኩርካር ተረተሮች ከዳርቻው ትይዩ በባሕሩ ውስጥ ተዘርግተው ሲገኙ ማዕበሉን ከሩቅ ይቀበሉታል። አብዛኞቹ የከተማ ወሽመጦች ግን የሰው እጅ ሥራ ናቸው። በቴል አቪቭ መሐል ከተማ፣ በፍሪሽማንና በቦግራሾቭ አካባቢ ቆመው ወደ ባሕሩ ቢመለከቱ፣ ከዳርቻው ራቅ ብለው በሰልፍ የተደረደሩ የድንጋይ ክምሮች ያያሉ። ማዕበል ሰባሪ ይባላሉ፤ በዕብራይስጥ «ሾቬር ጋሊም»። በሰሜን ቴል አቪቭ የሚገኘው የመጺጺም ዳርቻ፣ በባት ያም ሆፍ ሃሴላ፣ በናታንያ ሲሮኒት፣ በአሽቀሎን ደሊላ ቤተሰቦች የሚመርጧቸው በዚሁ መከታቸው ነው። ሐይፋ ደግሞ በዳዶ ዳርቻ ለሕፃናት ጥልቀት የሌለው ገንዳ ለብቻው ሠርታለች። ነገሩ የእስራኤል ብቻ አይደለም፤ ባርሴሎና ዛሬ የምትታወቅባቸውን የፖብለኖው ዳርቻዎች ያገኘችው እ.ኤ.አ. ለ1992ቱ ኦሎምፒክ የፋብሪካና የባቡር ሐዲድ ሰፈሩን አፍርሳ፣ አሸዋ አስመጥታና መከታ ሠርታ ነው።

ውሃው ለምን ይረጋጋል?

መጀመሪያ ማዕበል ምን እንደሆነ እንይ። በመስከረም የጤፍ ማሳ ላይ ንፋስ ሲያልፍ ማሳው ወደ ፊት የሚሮጥ ይመስላል። ጤፉ ግን ከበቀለበት ንቅንቅ አይልም፤ እየተጎነበሰ ይነሣል እንጂ። ጥልቅ ባሕር ላይ ያለ ማዕበልም እንደዚያው ነው፤ የሚጓዘው ጉልበቱ ሲሆን ውሃው እዚያው ከፍና ዝቅ ይላል። ማዕበሉ ጥልቀት ወደሌለው ቦታ ሲደርስ ግን እግሩ መሬት ይነካና ይደናቀፋል፤ አናቱ ይቀድማል፣ ይገለበጣል። ያን ጊዜ ውሃው ራሱ በእርግጥ ወደ ፊት ይወረወራል። ልጅን የሚጥለው ይህ የመጨረሻው ነው።

ማዕበል ሰባሪው ይህን ግልበጣ ከልጆቹ ርቆ እንዲፈጸም ያደርገዋል። ከምዕራብ የመጣው ጉልበት ድንጋዩ ላይ ይደክማል። በክምሮቹ መካከል ባለው ክፍተት ሾልኮ የሚገባውም ከጠባብ በር እንደወጣ ሕዝብ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይበተናል። ስለዚህ ከድንጋዩ ጀርባ ያለው ውሃ ይለዝባል፤ ለዘብ ያለ ውሃ ደግሞ የያዘውን አሸዋ መሸከም ስለማይችል ያራግፈዋል። ወንዝ መካከል ከቆመ ትልቅ ቋጥኝ ጀርባ ደለል ሲከማች ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። በዚህ ምክንያት ከእያንዳንዱ ክምር ትይዩ ዳርቻው ወደ ባሕሩ ምላስ እያወጣ ያድጋል። አንዳንድ ቦታ ምላሱ ድንጋዩ ድረስ ይደርስና ሰው በደረቅ አሸዋ ተራምዶ እስከ ክምሩ መሄድ ይችላል። በሁለት ምላሶች መካከል የሚቀረው ጎባጣ ነው እንግዲህ ወሽመጥ የምንለው።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ግምት ማረም ያስፈልጋል። «ባሕሩ ሞላብን» የሚሉ ሰዎች አሉ። የባሕር ሙላትና ጉድለት በአትላንቲክ ዳርቻዎች ብዙ ሜትር ይደርሳል፤ በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ግን ከ40 ሳንቲ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ጫማዎን ውሃ ከወሰደው የወሰደው ማዕበል ነው፤ ማለት ንፋሱ ጨምሯል፣ ባሕሩም ጠዋት ካዩት ተለውጧል።

የገባው ውሃ በየት ይወጣል?

ከዚህ ማብራሪያ አንድ ክፍል ብቻ የማንበብ ጊዜ ያለው ሰው ይህንን ያንብብ።

ማዕበል በድንጋዩ አናት ላይና በጎኑ እየዘለለ ያለማቋረጥ ውሃ ወደ ወሽመጡ ይገፋል። ያ ውሃ ተከማችቶ አይቀርም፤ መውጣት አለበት። የሠርግ ድንኳን አስቡ። እንግዳው ቀኑን ሙሉ ከየአቅጣጫው በዝግታ ይገባል፤ ሲያበቃ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ አንድ በር ይጎርፋል። በበሩ ላይ የቆመ ሰው ባይፈልግም ተገፍቶ ይወጣል። ውሃውም በሰፊው ገብቶ ጥልቅና ጠባብ መንገድ ፈልጎ ይወጣል፤ መንገዱ ስለጠበበ ይፈጥናል። ይህን ወደ ባሕር የሚወስድ ፍሰት ወሳጅ ጅረት እንበለው።

ወሳጅ ጅረት ማዕበል ሰባሪ በሌለበት ገላጣ ዳርቻም ይፈጠራል፤ እዚያ መንገዱን የሚቆፍረው በአሸዋ ክምሮች መካከል ነው፣ ቦታውንም ይቀያይራል። መከታ ባለበት ወሽመጥ ግን የሚመርጣቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ በሁለት ክምሮች መካከል ያለው ክፍተትና የክምሮቹ ጎንና ጫፍ። በድንጋዩ ጫፍ ሥር ውሃው እየተሽከረከረ አሸዋውን ስለሚቦረቡረው ድንገተኛ ጉድጓድ ይፈጠራል። ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ እየተራመደ የነበረ ልጅ አንድ እርምጃ ሲጨምር መሬት ያጣል። ጸጥ ወዳለው ዳርቻ የመራን ያው ድንጋይ፣ ቀርበው ሲነኩት የዳርቻው አደገኛ ቦታ ይሆናል። ብዙ ልጆች ደግሞ መጀመሪያ የሚመኙት እዚያ ላይ መውጣት ነው።

ዓይንን ለማለማመድ አንድ ነገር ይሞክሩ። ወደ አሸዋው ከመውረድዎ በፊት ከፍ ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ ቆመው አምስት ደቂቃ ያህል ውሃውን ብቻ ይመልከቱ። ነጭ አረፋ ተሰልፎ ሲመጣ ያያሉ። ከዚያ ሰልፉ የተቋረጠበት ቦታ ይታይዎታል፤ ማዕበል የማይገለበጥበት፣ ከጎንና ጎኑ የጠቆረ፣ ስስ ሽብሽብ ያለበት መንገድ። አንድ ብጣሽ አረፋ ወይም የባሕር ሣር ተከትለው ቢመለከቱ፣ ሌላው ሁሉ ወደ እርስዎ ሲመጣ እርሱ ብቻ ወደ ባሕሩ ይሄዳል። ያ ጥቁር መንገድ ማዕበል ስለሌለበት ለማያውቅ ሰው ከሁሉም የተረጋጋ ይመስላል፤ እናቶች ልጆቻቸውን ከማዕበሉ ለማራቅ ብለው ወደዚያ የሚያመሩትም ለዚህ ነው። የጠቆረው ስለጠለቀ ነው፤ ማዕበል የማይገለበጥበትም ስለጠለቀ ነው።

አንድ ሰው በወሳጅ ጅረት ቢያዝ ምን ያድርግ?

ጅረቱ ወደ ታች አይጎትትም፤ ወደ ውጭ ነው የሚወስደው። ብዙ ጊዜ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በብርቱ ቀን ግን በሰከንድ ከ2 ሜትር ሊበልጥ ስለሚችል የኦሎምፒክ ዋናተኛም ፊት ለፊት አይችለውም። ሰው የሚሰምጠው አብዛኛውን ጊዜ ጅረቱ ስላሰጠመው ሳይሆን ወደ ዳርቻው ሲታገል ጉልበቱ ስላለቀበት ነው።

ስለዚህ አለመታገል ነው። በጀርባ ተንሳፍፎ ትንፋሽን ማረጋጋት፣ አንድ እጅን ከፍ አድርጎ ማውለብለብ፣ መጣራት። የምሥራቅ ሜዲትራኒያን ውሃ በአንድ ኪሎ 39 ግራም ገደማ ጨው ስላለበት ከሐይቅ ይልቅ ሰውነትን ይሸከማል፤ ተንሳፍፎ መቆየት ከሚያስቡት ይቀላል። መዋኘት የሚችል ሰው ደግሞ ከዳርቻው ትይዩ ወደ ጎን ዋኝቶ ከጠባቡ መንገድ ይወጣና፣ ማዕበል በሚገለበጥበት በኩል ይመለሳል። ማዕበሉ ራሱ ይገፋዋል። መከታ ባለበት ቦታ ወደ ጎን ሲዋኙ ግን ወደ ድንጋዩ አለመቅረብን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ዳርቻ ላይ ለቆመው ሰው ያለው ምክር ልብን ይፈትናል። የራሱ ልጅ ሲወሰድ ያየ ወላጅ ዘሎ ይገባል፤ ማንም ይገባል። መዋኘት የማይችል ከሆነ ግን ቤተሰቡ ሁለት ሰው ያጣል፤ እንዲህ ያለ ድርብ ሐዘን በየአገሩ ይደጋገማል። በመጀመሪያ የባሕር ጠባቂውን መጥራት፣ ከዚያ የሚንሳፈፍ ነገር መወርወር ይቀድማል፤ የመጠጥ ማቀዝቀዣ ሣጥን፣ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን፣ ኳስም ይሠራል። በእስራኤል የአምቡላንስ ቁጥር 101 ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112።

ጠባቂ መኖሩን በምን እናውቃለን?

በእስራኤል «ሆፍ ሙክራዝ» የሚባል ነገር አለ፤ ቃል በቃል የታወጀ ዳርቻ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ የመታጠቢያ ቦታዎች ሕግ አለ፤ በዚያ መሠረት መዋኘት የተፈቀደበት ዳርቻ ጠባቂና አገልግሎቶች ሊኖሩት ግድ ነው። ጠባቂው «ማጺል» ይባላል፤ ከአሸዋው ከፍ ብሎ በተሠራ ጎጆ ተቀምጦ ያያል፣ ለማዳን ሲወጣም «ሃሳኬ» በተባለ ሰፊ ጠፍጣፋ ተንሳፋፊ ሰሌዳ ላይ ቆሞ እየቀዘፈ ይሄዳል። ከታወጀው ክልል ወጣ ብሎ ያለው አሸዋ ምንም ቢያምር የሚያይዎት ሰው የለም። የመስጠም አደጋ የሚበዛውም ባልታወጁ ዳርቻዎችና ጠባቂው ከሄደ በኋላ ነው። ጎጆው ባዶ ከሆነ ያ ዳርቻ ለልጆችዎ ያልታወጀ ያህል ነው። የሥራ ሰዓቱ በየወሩ ስለሚለያይ በሰሌዳ የሚለጠፈውን ማንበብ ያስፈልጋል።

ጠባቂው ከሩቅ ጎጆው በድምፅ ማጉያ ይጮኻል፤ ልጆቹ ይሰሙታል፣ ዕብራይስጥ ያልለመዱ አያቶች ግን ለማን እንደሚጮኽ አይገባቸውም። ሦስት ቃላት ብትይዙ ብዙ ይረዳሉ፤ «ያሚና» ወደ ቀኝ፣ «ስሞላ» ወደ ግራ፣ «ሃሑጻ» ወደ ውጭ ውጡ። ጠባቂው ያሚና ሲል አብዛኛውን ጊዜ በግራ በኩል እኛ የማናየውን ጅረት እርሱ አይቶታል።

ባንዲራዎቹ ደግሞ ከአገር አገር ይለያያሉ፤ በዚህ የሚሳሳቱትም ከአውሮፓ ለጉብኝት የሚመጡ ዘመዶች ናቸው። በእስራኤል ሲሠራበት በቆየው ሥርዓት ነጭ ባሕሩ ተረጋግቷል ማለት ነው፣ ቀይ አደገኛ ነው ማለት ነው፣ ጥቁር ደግሞ መግባት ክልክል ነው። በስፔን ግን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ሲሆኑ ቀዩ ራሱ ክልከላ ነው። ስለዚህ የአንዱን አገር ልማድ ወደ ሌላው ሳይወስዱ ከጎጆው ሥር የተለጠፈውን ማብራሪያ ማየት ይገባል። ከትንሽ ልጅ ጋር ከሆኑ ቀይ ባንዲራን በየትኛውም አገር እንደ ክልከላ ቢወስዱት አይጎዱም።

ጠዋት ይሻላል ወይስ ከሰዓት?

በበጋ ቀን የብሱ ከባሕሩ ቀድሞ ይሞቃል፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲነሣ ከባሕሩ በኩል ቀዝቃዛው ይተካዋል። ስለዚህ ከእኩለ ቀን በኋላ ከምዕራብ የሚመጣው ንፋስ ይበረታል፤ ማዕበሉም አብሮ ያድጋል። ጠዋት ወደ ሁለትና ሦስት ሰዓት ላይ ውሃው የተሻለ ይተኛል፣ ፀሐዩም አይከብድም፣ አሸዋውም ገና ባዶ ነው።

ሆኖም የጠዋቱ መልካምነት አንድ ወጥመድ ይዟል። ሌሊት የቀዘቀዘው የብስ ማለዳ ላይ ንፋሱን ወደ ባሕሩ ይልካል። ከበረሃ በኩል ደረቅ የምሥራቅ ንፋስ በሚነፍስበት ቀንም እንዲሁ ነው። ያን ጊዜ ባሕሩ እንደ መስተዋት ይሆናል፣ ሁሉም ሰው ያመሰግናል፤ ነገር ግን በአየር የሚነፋ ፍራሽ ላይ የተኛ ልጅ እንደ ጀልባ ሸራ ተይዞ ወደ ውጭ ይሄዳል። ፍራሹም ሆነ ቀለበቱ መጫወቻ ነው። መዋኘት ለማይችል ልጅ የሚሆነው በልኩ የተሠራ፣ በደረቱ ላይ የሚቆለፍ የመንሳፈፊያ ጃኬት ነው፤ እርሱም ቢሆን የወላጅን ዓይን አይተካም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በመላው ዓለም 300 ሺህ ያህል ሰዎች በመስጠም እንደሞቱ ገምቷል። ከእነዚህ ሩብ የሚጠጉት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ሕፃን ሲሰምጥ አይጮኽም፤ አፉ ከውሃው በላይ በሚሆንበት ቅጽበት የሚሠራው መተንፈስ ብቻ ስለሆነ ድምፅ አይተርፈውም። እጁንም አያውለበልብም። ስለዚህ ከትንሽ ልጅ ጋር ያለው ርቀት ክንድ ሲዘረጋ የሚደርስ መሆን አለበት። ብዙ አዋቂ ባለበት ቤተሰብ ደግሞ ሁሉም ሌላው እያየ ነው ብሎ ያስባል፤ ቡናው ሲፈላና ወሬው ሲደራ ማንም አያይም። ተራ ገብቶ፣ ስም ጠርቶ «አሁን የማየው እኔ ነኝ» መባባል ያስፈልጋል።

ለአያትና ለአማኝ ቤተሰብስ?

በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ፣ በ1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል የገቡ ብዙ ሽማግሌዎች ከጎንደርና ከአካባቢው ደጋ የመጡ ናቸው። ቤተ እስራኤል በመንደራቸው ወንዝ ዳር መስፈርን ይመርጡ ነበር፤ የመንጻት ሥርዓታቸው ወራጅ ውሃ ይፈልጋልና ውሃ ለእነርሱ እንግዳ አይደለም። ባሕሩ ግን እንግዳ ነበር። ዛሬ በናታንያ ዳርቻ ነጠላቸውን እንደለበሱ ውሃው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው እግራቸውን የሚያስነኩ እናቶችን ማየት የተለመደ ነው። ለእነርሱ ትልቁ እንቅፋት ውሃው ሳይሆን መንገዱ ነው፤ ናታንያ በገደል ላይ የተሠራች ከተማ ስለሆነች ደረጃው ይከብዳል። ወደ ሲሮኒት የሚያወርድ የመስታወት አሳንሰር መኖሩን ማወቅ ለአያትም ለሕፃን ጋሪም እፎይታ ነው።

ወንድና ሴት ተለያይተው መታጠብ ለሚፈልጉ በቴል አቪቭ የኖርዳው ዳርቻ አለ፤ እሑድ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ለሴቶች፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ለወንዶች ይከፈታል፤ ቅዳሜ የጋራ ነው። ወጪውን በተመለከተ፣ አብዛኞቹ የከተማ ዳርቻዎች መግቢያ አያስከፍሉም። ገንዘብ የሚወጣው ለመኪና ማቆሚያ፣ ለወንበርና ለጥላ ነው።

ሜዱዛው ለምን በበጋ ይመጣል? ቢነድፍስ?

ሜዱዛ ሰውነቱ እንደ ጄሊ የለሰለሰ፣ በክሮቹ የሚነድፍ የባሕር እንስሳ ነው። በሰኔና በሐምሌ በብዛት የሚታየው ትልቁ ነጭ ሜዱዛ የዚህ ባሕር ተወላጅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1869 የስዊዝ ቦይ ሲከፈት ቀይ ባሕርና ሜዲትራኒያን ተገናኙ፤ በቦዩ ከተሻገሩት ፍጥረታት አንዱ እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በእስራኤል ዳርቻ ታየ፤ ከዚያ ወዲህ በሞቃት ወራት በመንጋ ይመጣል። የተከለለ ወሽመጥ ከመንጋው ሙሉ በሙሉ አያድንም። እንዲያውም የተቆራረጡ ክሮቹ ገብተው ስለሚቆዩ ሜዱዛ ሳይታይም ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል።

ሲነድፍ በባሕሩ ውሃ ራሱ ማጠብ ነው። የቧንቧ ውሃ ቆዳው ላይ የቀሩትን መርዘኛ ሕዋሳት ያፈነዳቸዋል። ማሸትም እንዲሁ። በሌሎች አገሮች የሚመከረው ኮምጣጤ ለዚህ ዓይነቱ ሜዱዛ አይመከርም። ፊት ወይም ዓይን ከተነካ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ወይም ትንሽ ልጅ በሰፊው ከተነደፈ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ዳርቻ ላይ ወድቆ የሞተ የሚመስለውንም ልጆች እንዳይነኩት ይንገሯቸው፤ መርዙ አብሮት አልሞተም።

የተከለለ ውሃ ሌላም ጉድለት አለው፤ ቶሎ አይታደስም። ከባድ ዝናብ ከተማውን ሲያጥብ የጎዳናው ቆሻሻ በጎርፍ መውረጃው ወደ ባሕር ይገባል፣ በወሽመጡም ውስጥ ከገላጣው ዳርቻ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ከዝናብ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን መጠበቅ ለሕፃናት ሆድ ይበጃል።

ከተሞቹ ድንጋይ መከመር ለምን አላቆሙም?

መልሱ አሸዋው ከመጣበት ቦታ ነው። ከጋዛ እስከ ሐይፋ ወሽመጥ ያለውን ዳርቻ የሠራው አሸዋ የናይል ነው። ወንዙ ወደ ባሕር ያራገፈውን ማዕበልና ጅረት የሲና ዳርቻን ተከትለው ወደ ምሥራቅ፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲያጓጉዙት ኖረዋል። ጉዞው ሐይፋ ወሽመጥ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በስተሰሜን ዳርቻው ድንጋያማ የሚሆነው ለዚህ ነው። ናይል ከሚሸከመው ደለል እጅግ የሚበዛው የጥቁር ዓባይና የተከዜ ነው። በናታንያ ወይም በአሽቀሎን አንድ እፍኝ አሸዋ ዘግነው በፀሐይ ቢያዩት አብዛኛው ቢጫማ ኳርትዝ ነው፤ በመካከሉ ግን ጥቋቁር ቅንጣቶች ይታያሉ። ከእነዚህ ከባድ ማዕድናት መካከል ከኢትዮጵያ ደጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተፈልፍለው የወረዱ ይገኙባቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ታላቁ የአስዋን ግድብ ውሃ መያዝ ሲጀምር ይህ ደለል ከግድቡ ጀርባ መቅረት ጀመረ። የናይል ዴልታ ራሱ እየተሸረሸረ ቀድሞ የከማቸውን ስለሚለቅ አሸዋው እስካሁን ፈጽሞ አልተቋረጠም። ነገር ግን በየዳርቻው ወደቦችና የጀልባ ማቆሚያዎች ተሠሩ፤ እነርሱም በደቡብ ጎናቸው አሸዋ እያጠራቀሙ በሰሜናቸው ያለውን ዳርቻ ያስርቡታል። አሸዋ ያጣ ዳርቻ ይጠባል፤ ማዕበሉ የኩርካሩን ገደል ይነካና ይንደዋል። ከተማው ያንን ለማስቆም ማዕበል ሰባሪ ይሠራል፣ ከድንጋዩም ጀርባ አዲስ ወሽመጥ ይፈጠራል። ያ ወሽመጥ የያዘው አሸዋ ደግሞ ለቀጣዩ ዳርቻ አይደርስምና፣ ትንሽ ወደ ሰሜን ያለው ሰፈር በተራው ድንጋይ ይጠይቃል። የቴል አቪቭ የመጀመሪያዎቹ ክምሮች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከተጣሉ ወዲህ ሰልፉ በየከተማው እየረዘመ የመጣው በዚህ መንገድ ነው።